እግር ካልጸና እጅ ይስታል



በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ ከተሞች በየበረንዳው የፑል ጠረጴዛ ቆሞ እናያለን። በገበያ ዕለት ፍየሉን የሸጠ ሰው ገንዘብ አስይዞ ይጫወታል። ሲስት «ዕድሌ ነው» ይልና ደግሞ ያስይዛል። ማታ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል። ኳሷ ግን ዕድል አታውቅም፤ ዘንጉ ወደ ላካት ትሄዳለች። እንዴት? እስቲ እንመልከት።

አንደኛ፣ አቋቋም ነው። በዱብሉቅ ጥልቅ የቱላ ጉድጓድ ተሰልፎ ውሃ የሚያቀብል ሰው እግሩ ካልጸና ውሃው ይደፋል። እዚህም እንዲሁ ነው። ቀኝ እግራችን ከመምቻው መስመር ላይ ይቁም፤ ግራው ግማሽ እርምጃ ይቅደም። ከወገብ ጎንበስ ብለን አገጫችንን ወደ ዘንጉ እናስጠጋ።

ሁለተኛ፣ እጅ ነው። የግራ እጅ ጣቶች ተዘርግተው ጨርቁ ላይ ይጽኑ፤ ዘንጉ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይለፍ። ቀኝ እጅ አላልቶ ይያዝ። የሚወዛወዘው ከክርን በታች ያለው ክንድ ብቻ ነው፤ ልክ በገመድ እንደተንጠለጠለ ባልዲ። ግራኝ የሆነ ሰው ይህን ሁሉ ይገልብጠው።

ሦስተኛ፣ ኳሷ ተመትታ እስክትሄድ ራስ አይነሣ። ራስ ከተነሣ ትከሻ ይከተላል፤ ዘንጉም ይጣመማል።

በ22 ኳሶች የሚካሄደው ስኑከርም ደንቡ ይኸው ነው።

ለመለማመድ ተጋጣሚም ውርርድም አያሻም። ነጯን ኳስ ብቻዋን ከፊት ለፊቱ ጠርዝ ጋር ማጋጨት ነው። ተመልሳ የዘንጉን ጫፍ ከነካች አመታታችን ቀንቷል። ወደ ጎን ከሄደች መሐሏን ስተናል ማለት ነው።

እንግዲህ እንጫወት፤ ጨዋታ ድካም ያስረሳል። የፍየሉ ዋጋ ግን እህል፣ ጨውና የልጆች ደብተር ነውና ቤቱ ይግባ።