እግር ሲከዳ፣ አእምሮም ሲደናገር



የመጣሁት ከሳንሱሲ፣ ከአምቦ መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ክሊኒክ ነው። ኤምአርአይ የለንም። የምናገረውም የግፊትና የኦክስጅን መለኪያ ብቻ ላለው ሐኪም ነው።

ጊላን ባሬን ሁላችንም ተምረነዋል። ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ሰውነት የራሱን ነርቭ ያጠቃል፤ መዛሉ ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። አእምሮ ግን ጥርት እንዳለ ይቆያል። መናገር ያቃተው ታማሚ እንኳ አጠገቡ የምትሉትን ሁሉ ይሰማል፤ ኧረ እባካችሁ ራስጌው ቆማችሁ "አይተርፍም" አትበሉ!

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ቢቀባዥርስ? ቤተሰብ "ልክፍት ነው" ይላል፤ አንዳንዱ ባለሙያም "ጭንቀት ነው" ብሎ ማስታገሻ ያዛል። እኔን የሚያስፈራኝ ማስታገሻው ነው። የመተንፈሻ ጡንቻው ዝሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተጠራቀመበት፣ ያችኑ የቀረችውን ትንፋሽ ይወስድበታል። በአንድ ትንፋሽ ቁጠር በሉት፤ 20 ሳይደርስ ካቋረጠ ክሊኒክ አታቆዩት። ኦክስጅን መለኪያው 95 ቢያሳይም አያታልላችሁ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አይለካም።

ግፊቱም ይዋዥቃል። በጣም ሲያሻቅብ የአንጎል የኋላ ክፍል ያብጣል፤ ራስ ምታት፣ የዓይን መጋረድ፣ መንቀጥቀጥ ይከተላል። ቶሎ ከተያዘ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። መድኃኒቱን ግን በጥቂት በጥቂቱ፤ ግፊታቸው ባንዴ ይወድቃልና። ሶዲየምም ይወርዳል። እሱን በችኮላ መሙላት ራሱ አንጎል ይጎዳል፤ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 10 ሚሊሞል ቢበዛ ነው።

አንጎሉ ራሱ የሚጠቃበትም ጊዜ አለ። ታላላቆቻችን ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረውን፣ ሆድ ላይ የሚወጋውን የእብድ ውሻ ክትባት ያስታውሳሉ። አልፎ አልፎ ነርቭንም አንጎልንም ያስጠቃ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲቀር ቢወተውትም፣ እኛ ጋ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ተሰጥቷል። የእብድ ውሻ በሽታ ራሱም አንዳንዴ በሽባነት ይጀምራልና፣ "ውሻ ነክሶህ ያውቃል?" ማለት አትርሱ።

አንድ ልመና አለኝ። ሪፈር ስትጽፉ "ደክሟል" ብቻ አትበሉ። የቆጠረውን ቁጥር፣ ግፊቱን፣ ሰዓቱን ጻፉ። ጠዋት እስከ 30 የቆጠረ ሰው ከሰዓት 18 ላይ እንዳቆመ ያነበበ ተረኛ ሐኪም፣ በዚያው ሌሊት የመተንፈሻ ማሽን ያለበት አልጋ ይፈልጋል።