የኮሎኝ ካቴድራል ሕንፃና ታሪክ
በኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለምእመናን የተደረገ ንግግር



የቤተ ክርስቲያናችንን የኢዮቤልዩ በዓል ለማክበር በተሰበሰብንበት በዛሬው ቀን ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ታዘዝሁ፥ በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር በኮሎኝ ከተማ ስለ ቆመው ካቴድራል ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ካቴድራል ማለት የጳጳሱ መንበር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ይህንንም የመረጥሁት ስለ ቁመቱና ስለ ውበቱ ብቻ አይደለም፤ ከተጀመረ ጀምሮ እስኪፈጸም ድረስ 632 ዓመት ያለፈው ሕንፃ ስለ ሆነ፥ ቤተ ክርስቲያንን የሚሠራት ማን እንደ ሆነ ከእርሱ እንማራለን ብዬ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በ1164 ዓ.ም. የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ራይናልድ ፎን ዳሰል የሰብአ ሰገል ዐፅም ነው ተብሎ የሚከበረውን ቅዱስ ዐፅም ከሚላኖ ወደ ኮሎኝ አመጣ። ኒኮላስ ዘቨርደን የሚባለው አንጥረኛና ረዳቶቹም ዐፅሙ የሚያርፍበትን በወርቅና በዕንቍ ያጌጠ ሣጥን ሠሩለት። ተሳላሚ ከየአገሩ ይጐርፍ ጀመር። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን በ1248 ዓ.ም. በእሳት ተቃጠለ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን፥ በእመቤታችን የፍልሰታ በዓል፥ ሊቀ ጳጳስ ኮንራድ ፎን ሆኽሽታደን የአዲሱን መሠረት ድንጋይ አኖረ።

የመጀመሪያው የሥራው አለቃ ጌርሃርድ የሚባል ሰው ነበረ። እርሱም በፈረንሳይ አገር በአሚየን ከተማ የነበረውን ካቴድራል አብነት አድርጎ ሕንፃውን በመስቀል ቅርፅ ነደፈው። ጣራው ከድንጋይ የተሠራ ሆኖ ከወለሉ 43 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ ከባድ ጣራ ግድግዳውን ወደ ውጭ ገፍቶ እንዳይጥለው፥ ጫፋቸው የሾለ ቅስቶች ሸክሙን ወደ ዓምዶቹ ያወርዱታል፤ ከውጭም የድንጋይ ክንዶች ተዘርግተው ይደግፉታል። ስለዚህ ግድግዳው ሸክም ስለ ቀለለለት፥ ወፍራም ድንጋይ ይሆን የነበረው ስፍራ ባለ ቀለም መስተዋት ሆነ፤ ብርሃንም በቅዱሳን ሥዕል በኩል አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። በውጭ ያለው ድጋፍ በውስጥ ለሚጸልየው ሰው አይታየውም፤ ነገር ግን ያ ባይኖር ብርሃኑም ባልኖረ ነበር።

አስቀድሞ የተሠራው በእኛ አገር መቅደስ ብለን የምንጠራው ክፍል ነው፤ በ1322 ዓ.ም.ም ተባረከ። የቀረው ወገን ገና ስላልተሠራ፥ ነፋስና ዝናም እንዳይገባ ለጊዜው የሚሆን ግድግዳ አቆሙለት። ለጊዜው የተባለው ግድግዳ ግን ከ500 ዓመት በላይ ቆመ! ስንቱ ትውልድ በግማሽ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፥ ቈረበ፥ ተቀበረም። ገንዘቡ እያነሰ፥ ትጋቱም እየቀዘቀዘ ስለ ሄደ፥ በ1560 ዓ.ም. ሥራው ፈጽሞ ቆመ። በደቡብ በኩል ባለው ባልተፈጸመው ግንብ ራስ ላይ የነበረውን ከእንጨት የተሠራ የድንጋይ ማንሻ ግን አላወረዱትም። ሥራው ከቆመ በኋላ እንኳ ከ300 ዓመት በላይ በዚያ ሲታይ ኖረ፤ ለሚያልፈው ሁሉ «ሥራው ገና አልተፈጸመም» እያለ የሚናገር ይመስል ነበር።

በ1794 ዓ.ም. የፈረንሳይ ወታደሮች ከተማይቱን በያዙ ጊዜ ቅዱሱ ስፍራ የዕቃ ማከማቻ እስከ መሆን ደረሰ። ተስፋው ሁሉ የጠፋ በመሰለበት ዘመን ግን የምዕራቡን ፊትና የሁለቱን ግንቦች ንድፍ የያዘው የጥንቱ ብራና ተገኘ፤ ግማሹ በ1814 ዓ.ም. በዳርምሽታት፥ ግማሹም በ1816 ዓ.ም. በፓሪስ። ይህ ብራና ሲገጣጠም ቁመቱ ከ4 ሜትር ይበልጣል። የነደፉት ሰዎች ፍጻሜውን አላዩም፤ ዳሩ ግን አሳባቸውን በብራና ጽፈው ስለ ተዉ፥ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተነሡት ልጆች ያባቶቻቸውን ፈቃድ ሳይስቱ ሊፈጽሙ ቻሉ።

በ1842 ዓ.ም. ሥራው እንደ ገና ተጀመረ። የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሬድሪክ ዊልሄልም 4ኛ ምንም እንኳ ፕሮቴስታንት ቢሆን ከመንግሥቱ ገንዘብ ረዳ፤ ሕዝቡም ማኅበር አቁሞ ገንዘብ አዋጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው ሆነ። በ1863 ዓ.ም. ያ የጊዜው ግድግዳ ፈረሰ፤ በ1868 ዓ.ም. የድንጋይ ማንሻው ወረደ፤ በ1880 ዓ.ም. ጥቅምት 15 ቀን የመጨረሻው ድንጋይ በዓል ተከበረ። ግንቦቹ 157 ሜትር ከፍታ ነበራቸውና በዚያን ጊዜ በዓለም ከተሠራው ሕንፃ ሁሉ ረጅሙ ሆነ።

ነገር ግን ልብ በሉ! ንጉሠ ነገሥቱ ዊልሄልም በተገኘበት በዚያ በዓል ሊቀ ጳጳሱ ጳውሎስ ሜልኸርስ አልነበረም። በመንግሥትና በቤተ ክርስቲያን መካከል በተነሣው ጠብ ምክንያት ታስሮ፥ ኋላም ተሰዶ በባዕድ አገር ይኖር ነበር። የጳጳሱ ቤት ተፈጸመ፤ መንበሩ ግን ባዶ ነበረ። እንግዲህ ድንጋዩ ምንም ቢያምር፥ እረኛውና መንጋው ካልተገናኙ ደስታው ጐደሎ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማይቱ በጠቅላላው ስትፈርስ ካቴድራሉ 14 ጊዜ በከባድ ቦምብ ተመታ፤ ቢሆንም አልወደቀም። በ1943 ዓ.ም. የሰሜኑ ግንብ እግር ክፉኛ ስለ ተጐዳ፥ የሚመስለውን ድንጋይ እስኪያገኙ ሳይጠብቁ በጡብ ደፈኑት። ጡቡ ለዓይን አያምርም ነበር፤ ግንቡን ግን ያዳነው እርሱ ነው። በ1948 ዓ.ም. 700ኛውን የመሠረት በዓል በፍርስራሽ መካከል አከበሩ፤ በ1956 ዓ.ም. ሕንፃው በሙሉ ለጸሎት ተከፈተ። ዛሬም ድንጋይ ጠራቢዎችና የመስተዋት ሠራተኞች ዝናምና ጭስ የበላውን ይለውጣሉ፤ ሥራው ተፈጸመ ቢባልም አላለቀም።

የተወደዳችሁ ምእመናን! የኛ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ጋር በመጠን አይተካከልም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ይህን ቤት ካቆሙት መካከል ብዙዎቹ ዛሬ ከኛ ጋር የሉም። እነርሱ ያልተፈጸመ ሥራ ትተውልን ቢሄዱ ልንወቅሳቸው አይገባም፤ የምንጠየቀው ማንሻውን አውርደን እንደ ሆነ፥ ብራናውንም ጥለን እንደ ሆነ ነው። ብራናችን ለልጆቻችን የምናስተምረው ሃይማኖት ነው። አንዱ የተጠረበ ድንጋይ፥ አንዱም ጡብ ይዞ ይምጣ፤ የሚያስፈልገው በጊዜው መገኘቱ ነው። እኛ የማናየውን ፍጻሜ ልጆቻችን እንዲያዩት እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።