ጡረታን በሃያ ሦስት ዓመት ዕድሜ ማሰብ
(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ገና ሥራ ሳንይዝ ስለ ጡረታ ለመናገር በመነሣታችን አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን እናያለን። ነገር ግን ዘንድሮ የምንመረቀውን ተማሪዎች ወላጆቻችን ሲመክሩን የሚናገሩት ቃል አንድ ነው፤ «ደመወዙ ቢያንስም መንግሥት ቤት ግባ፤ ጡረታ አለው»። ምክሩን በአክብሮት ተቀብለን፣ ጡረታው ምን ያህል እንደ ሆነ ግን በእርሳስና በወረቀት ለመመርመር ወደድን።

ምክሩ ከመሬት ተነሥቶ የተባለ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ሲወጣ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 4፣ መንግሥት ከመቶ 6 እንዲያዋጡ ተደነገገ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ አልተካተተም፤ ቢበዛ አሠሪው ፈቅዶ ያቋቋመለት የፕሮቪደንት ፈንድ ይኖረው ነበር። በ2003 ዓ.ም. ነው አዋጅ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞችም ጡረታን ያመጣላቸው። ዛሬ በሁለቱም ወገን ሠራተኛው ከመቶ 7፣ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣሉ። እንግዲህ «ጡረታ ያለው መንግሥት ቤት ነው» የሚለው ክርክር ጉልበቱ ደክሟል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረው አዋጅ ቁጥር 714 በደነገገው ስሌት መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ የሲቪል ሠራተኛ ዕድሜው 60 ሲሞላ ከመጨረሻው የሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ ከመቶ 30 ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 1.25 ይጨመርለታል፤ ጣሪያው ከመቶ 70 ነው። ከጣሪያው ለመድረስ ስንት ዓመት ያስፈልጋል? 42 ዓመት። በ60 ዓመት ጡረታ ለመውጣት ደግሞ በ18 ዓመት ሥራ መጀመር አለበት። በ18 ዓመታችን እኛ የት ነበርን? በዚህ ግቢ መግቢያ በር ላይ ፍራሻችንን ተሸክመን ተሰልፈን ነበር! በ23 ዓመቱ የሚቀጠር ምሩቅ 37 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያቋርጥ ቢያገለግል ድርሻው ከመቶ 63.75 ነው። የሕክምና ተማሪዎች ጓደኞቻችን በ26 ዓመታቸው ቢጀምሩ ከመቶ 60 ይሆናል። ጣሪያው ዲግሪ ለያዘ ሰው የተሠራ አይደለም።

ይህም የሚሰላው በአማካዩ ነው። እንበል፣ የሠራተኛው ደመወዝ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት 10,000፣ 12,000 እና 14,000 ብር ነበር። አማካዩ 12,000 ነው፤ ከመቶ 63.75 ሲሰላ 7,650 ብር ይወጣል። ትናንት 14,000 ይቀበል የነበረ ሰው ዛሬ ከግማሹ ጥቂት ፈቀቅ ባለ ገንዘብ ያድራል። የቤትና የኃላፊነት አበልማ ከስሌቱ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ስለዚህ ቀጣሪ ደመወዙን አሳንሶ አበሉን ሲያሳብጥልን ደስ ከማለታችን በፊት ይህን እናስታውስ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የገንዘቡ ዐቅም ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ከመቶ 30 በላይ ደርሶ ነበር። የጡረታው ፈንድ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ለመንግሥት በግምጃ ቤት ሰነድ ሲበደር የቆየ ነው፤ ወለዱም ከገበያው ንረት እጅግ ያነሰ ነበር። ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በየወሩ የሚቆረጥ ገንዘብ በርካሽ ሲበደር ኪሳራውን የሚሸከመው ሽማግሌው ነው፤ ይህን ትክክል ነው ልንል አንችልም። አበሉ ከኑሮ ውድነት ጋር በየጊዜው የሚስተካከልበት፣ ባለሥልጣን እስኪያዝን የማይጠበቅበት ደንብ ያስፈልጋል እንላለን።

ይህን ስንል ጡረታን ማጣጣላችን አይደለም። ሠራተኛው ቢሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን ግማሽ ታገኛለች፤ ልጆቹም ድርሻ አላቸው። በዚህ አበል ተምረው እዚህ የደረሱ በመካከላችን አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለተመራቂዎች፤ ዕድሜያችን የሚያዘው መጀመሪያ ስንቀጠር በሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ በጻፍነው ነው፤ በኋላ «ተሳስቶ ነው» ቢሉ ሰሚ የለም። ከብዙዎቻችን የልደት ዘመን በትምህርት ማስረጃው አንድ፣ በቀበሌ መታወቂያው ሌላ ነው። ቅጹ ከመምጣቱ በፊት ማስረጃዎቻችንን እናስማማ። የሒሳብ አያያዝ መምህራኖቻችንም ስሌታችንን ቢመረምሩልንና ስሕተት ካገኙ በሚቀጥለው እትም ቢያርሙን እናመሰግናለን። ጥያቄ ያለው አሁን ሊጠይቅ ይችላል።