የመምህሩ እጅና አዲሱ መሣሪያ

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ሕፃናት ትምህርት፤ ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል



ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው በየዘመኑ በልዩ ልዩ መሣሪያ ነው። አስቀድሞ ብራናና ብርዕ ነበረ፤ ቀጥሎ የታተመ መጽሐፍ፥ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ መጣ፤ ከዚያም ራዲዮና ቴሌቪዥን ተከተሉ። ዛሬ ደግሞ ከመምህሩ ኪስ በማትለየው በእጅ ስልክ ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጥበብ ገብቶ የተጠየቀውን በጽሑፍና በድምፅ ይመልሳል፤ ተረት ይጽፋል፤ ሥዕል ይሥላል፤ የሒሳብ ጥያቄ ያወጣል። ይህን የሰማ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ፥ «እንግዲህ መምህር ምን ያደርጋል?» ይላል። ሁለተኛው፥ «ይህ ልጆችን የሚያሰንፍ ነገር ስለ ሆነ ከደጃችን አይድረስ» ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ፈርደዋል። ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በክፍሉ ውስጥ አዛዡ ማን ነው? መምህሩ ነውን ወይስ መሣሪያው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር በኢትዮጵያ ውስጥ አስቀድሞ ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕዝቡ ፕላዝማ ብሎ የጠራው ቴሌቪዥን ተተክሎ፥ ትምህርቱ ከአንድ ማእከል በሳተላይት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይተላለፍ ጀመር። አሳቡ መልካም ነበረ፤ በቂ መምህርና ቤተ ሙከራ የሌለው ሩቅ ትምህርት ቤት ከከተማው ጋራ እኩል ትምህርት እንዲያገኝ ነበርና። ነገር ግን በመስኮቱ የሚናገረው መምህር ቆም በል ቢሉት አይቆምም፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ አያይም። የተማሪውን ፊት የሚያየው በክፍሉ የቆመው መምህር ግን ጊዜው በመስኮቱ ስለ ተያዘበት የሚናገርበት ደቂቃ ጥቂት ሆነ። ስለዚህ ብዙ መምህራንና የትምህርት ሊቃውንት ቅሬታቸውን አሰሙ። የቅሬታውም ምክንያት የቴሌቪዥኑ መኖር አልነበረም፤ መምህሩ ከአዛዥነት ወርዶ ከፋችና ዘጊ መሆኑ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ተሞከረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ባሉ ሁለት መንደሮች፥ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ያለ መምህር ታብሌት ሰጠ። የድርጅቱ ሰዎች እንደ ተናገሩት፥ ልጆቹ ሣጥኑን ራሳቸው ከፈቱ፤ ማብሪያውን ፈልገው አገኙ፤ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ የእንግሊዝኛውን ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በወራት ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን የፎቶግራፍ ማንሻ ከፍተው ተጠቀሙበት። ከዚህ ሁለት ነገር ይታወቃል። የመንደር ልጅ አእምሮ ከሚገመተው በላይ ንቁ ነው፤ መሣሪያ መንካትን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ነገር ግን መንካት ማንበብ አይደለም፤ መዘመርም ማስተዋል አይደለም። ልጁ ያነበበውን የሚሰማ፥ የሳተውን የሚያቃና፥ ደግሞም «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁለቱ ይበልጣል። ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ በአዲስ አበባ የሕፃናት መምህርት ነበሩ። በአንድ ክፍል የሚያስተምሯቸው ልጆች ቍጥር ጥቂት መሆኑን አይተው፥ ከባለቤታቸው ጋራ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የአማርኛ የሕፃናት ትርኢት ለቴሌቪዥን አዘጋጁ። የትርኢቱ ዋና ባለታሪክ ፀሐይ የምትባል በእጅ የምትንቀሳቀስ የጨርቅ ቀጭኔ ናት። ለዚህም ሥራቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት ተቀበሉ። በእጃቸው የነበረው ካሜራና ኮምፒዩተር በብዙ ሰው እጅ ይገኛል፤ ሕፃን በምን እንደሚሥቅና በምን እንደሚሰናከል ማወቅ ግን የመምህርነት ሀብት ነው። በዚህ ሥራ አዛዡ መምህሩ፥ ታዛዡ መሣሪያው ነበረ።

እንግዲህ ወደ አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ፥ አዛዥ ሊሆን የሚሻ መምህር አስቀድሞ የታዛዡን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። ቻትጂፒቲ የተባለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኅዳር 2022 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ብዙ ሆኗል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት የተሰበሰበ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ በዚያም ላይ ተለማምዶ፥ ካለፉት ቃላት በኋላ የትኛው ቃል ሊከተል እንደሚችል በስሌት ይገምታል። አንድ ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል» ብሎ ቢጀምር፥ አድማጩ ሁሉ «በእግሩ ይሄዳል» ብሎ እንደሚጨርስለት ያለ ነው። ነገር ግን አድማጩ እንቁላልንም እግርንም አይቷል፤ ጫጩት ከቅርፊቷ ስትወጣም ተመልክቷል። መሣሪያው የሚያውቀው በተሰጠው ውስጥ የተገኘውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ እውነት እንደሚናገር ሆኖ በሙሉ ልብ ይናገራል።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። መሣሪያው ከተማረበት ጽሑፍ የሚበዛው እንግሊዝኛ ነው፤ የአማርኛው ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህ የተነሣ የሌላ አገር ኑሮ በአማርኛ ቃል ተሸፍኖ ሊመጣ ይችላል። ለምሳሌ ያህል፥ በአውሮፓ ሰኔ፥ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የሚበረታባቸው የበጋ ወራት ናቸው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ግን እነዚህ ወራት ዝናብና ጭቃ የበዛባቸው ክረምት ናቸው። የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወር ነው፤ ጳጉሜንም 5 ወይም 6 ቀን ናት፤ የፈረንጁ ግን 12 ወር ብቻ ነው። የመንደሩ ልጅ «ትምህርት በ2 ሰዓት ይጀመራል» ሲል ጧት ማለቱ ነው፤ በፈረንጁ አቆጣጠር ግን 8 ሰዓት ይባላል። ንባብም ቢሆን፥ «በማድጋው ውሃ አለ» በሚለውና «አባቴ ና አለ» በሚለው ውስጥ «አለ» የሚለው ቃል በፊደል አንድ ሲሆን በድምፅ አንዱ ይጠብቃል፥ ሁለተኛው ይላላል። ይህን ፊደሉ ስለማያሳይ፥ ጮኾ የሚያነብ መሣሪያ ሊስት ይችላል፤ የ7 ዓመት ልጅ ግን አይስትም።

ይህ ስሕተት ለብልህ መምህር ጉዳት ሳይሆን የትምህርት መነሻ ነው። አንድ የ4ኛ ክፍል መምህር ማታ በስልኩ፥ «ስለ ሐምሌ ወር የመንደር ልጆች ጨዋታ አጭር ታሪክ ጻፍ» ብሎ አዘዘ እንበል። መልሱ ልጆች በደረቅ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁና ወንዝ ወርደው ሲዋኙ የሚተርክ ሆነ። መምህሩ ይህን አይቶ ከማዘን ይልቅ፥ በማግሥቱ ታሪኩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ፥ «ልጆች፥ ይህን የጻፈው አገራችንን አይቶ የማያውቅ እንግዳ ነው፤ የሳተውን ፈልጉለት» ይላል። አንዲት ልጅ ተነሥታ፥ «የኔታ፥ በሐምሌ ወንዙ ይሞላል፤ እንኳን ሊዋኙበት ከብትም አይሻገረው» ትላለች። ሌላው፥ «ሜዳውም ጭቃ ነው፤ እኛም ገሳ ለብሰን ከብት እንጠብቃለን» ይላል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ያየውን ሐምሌ በደብተሩ ይጽፋል። በዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ንባብ፥ ጽሕፈትና ስለ ወቅቶች የሚሰጠው ትምህርት አብረው ተሠሩ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን፥ ልጁ የተጻፈን ሁሉ እውነት ነው ብሎ እንዳይቀበልና ካየው ጋራ እንዲያመዛዝን መልመዱ ነው።

ይህ አሠራር ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ አይመሰገንም። ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም ያርምለታል። የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ይሰማል፤ የሚሰማውም የራሱን ለመፍጠር እንዲረዳው ነው። መሣሪያውም በዚሁ ሥፍራ ይቁም። ልጁ ይስማው፥ ይመርምረው፥ ከዚያም የራሱን ያምጣ። መሣሪያው የጻፈውን ገልብጦ ማቅረብ ግን ልጁን ከልፋቱ ብቻ ሳይሆን ከዕውቀቱም ይለየዋል፤ ዕውቀት የሚገኘው በልፋቱ ውስጥ ነውና።

ሁለተኛው ጥቅም በመምህሩ ዝግጅት ላይ ነው። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ባለበት መንደር፥ አንዱ ገና ሲቆጥር ሌላው ማካፈልን ይጨርሳል። መምህሩ ከአንድ ነገር ሦስት ዓይነት ጥያቄ እንዲያወጣለት መሣሪያውን ሊያዝ ይችላል። ለጀማሪው፥ «3 ኩንታል ጤፍ ስንት ኪሎ ነው?» ለመካከለኛው፥ «300 ኪሎ ጤፍ 50 ኪሎ በሚይዝ ጆንያ ቢሞላ ስንት ጆንያ ይሆናል?» ለበረታው፥ «ከነዚህ ጆንያዎች 2 ቢሸጡ ስንት ኪሎ ይቀራል?» መልሱ 300 ኪሎ፥ 6 ጆንያ፥ 200 ኪሎ መሆኑን ግን መምህሩ አስቀድሞ በእጁ ይሥራ። ራሱ ያልሠራውን ሒሳብ ለልጅ የሚሰጥ መምህር፥ ሳይቀምስ ወጥ እንደሚያቀርብ ሰው ነው።

ሦስተኛው ጥቅም ሽማግሎችን የሚመለከት ነው። የመንደሩን ዛፎች ስም፥ የምንጩን ታሪክ፥ የድሮውን ጨዋታና ተረት መሣሪያው ካልተጻፈለት ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ መምህሩ ልጆቹን ይዞ ወደ ሽማግሌው ይሂድ፤ ፈቃድ ጠይቆ ድምፃቸውን በስልኩ ይቅዳ። ልጆቹ የሰሙትን ይጻፉ፤ ሥዕሉን ይሣሉ፤ ከዚያም ተሰፍቶ የክፍሉ መጽሐፍ ይሁን። መሣሪያው የፊደል ግድፈት በመጠቆም ቢረዳ መልካም ነው፤ ታሪኩን ግን አይለውጥ። በአማርኛ የሚጻፈው እንዲህ እየበዛ ሲሄድ፥ ወደ ፊት የሚመጣው መሣሪያም ከእውነተኛው አማርኛ የሚማርበት ያገኛል።

መጠንቀቅ የሚገባባቸው ነገሮች ደግሞ አሉ። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዲህ ባለው መሣሪያ በክፍል ውስጥ በገዛ እጃቸው እንዳይጠቀሙ መክሯል። ስለዚህ በአንደኛ ደረጃ ስልኩ በመምህሩ እጅ ይኑር። የልጅ ስም፥ ፎቶግራፍ፥ ሕመም ወይም የቤተ ሰብ ችግር ለመሣሪያው አይነገር፤ የተነገረው ነገር ወዴት እንደሚሄድ መምህሩ አያይምና። የልጁንም ማርክ መሣሪያ አይስጥ። ይኸው ዩኔስኮ በ2024 ዓ.ም. ለመምህራን የሚያስፈልገውን ችሎታ በ5 ክፍልና በ15 ዓይነት ሲዘረዝር፥ በመጀመሪያ ያስቀመጠው የሰውን ልጅ የሚያስቀድም አስተሳሰብን ነው።

«መንደሩ መብራትና ኔትወርክ የለውም» የሚል መምህር ቢኖር፥ ነገሩ እውነት ነው፤ ግን መንገድ አለው። ወደ ወረዳው ከተማ በሄደበት ቀን የሳምንቱን ጥያቄና ታሪክ አዘጋጅቶ በደብተሩ ቢገለብጥ፥ በክፍሉ ውስጥ የሚያስፈልገው ጠመኔ ብቻ ይሆናል። ትምህርቱንም ብቻውን ከሚማረው ይልቅ ሁለት ሦስት መምህራን በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሰበሰቡ ይሻላል። እያንዳንዱ አንድ የተሳካለትንና አንድ ያልተሳካለትን ነገር ይዞ ይምጣ። ሲያዙም የተማሪውን ክፍል፥ ዕድሜ፥ አገርና የሚፈልጉትን ርዝመት ለይተው ይናገሩ፤ የተመለሰውን ያንብቡ፤ የማይሆነውን ይሠርዙ፤ ከተማሪው መጽሐፍ ጋራ ያስተያዩ። ያልተሳካለትን ለባልንጀራው የማይደብቅ መምህር ፈጥኖ ይማራል።

ሽማግሎችም በመንደሩ ውስጥ፥ «መምህሩ ከስልክ አየና አስተማረ» ተብሎ ሲታማ ቢሰሙ፥ ሳይፈርዱ ይጠይቁ፤ ወደ ክፍሉ ገብተው ይመልከቱ። ልጆቹ አፍ ዘግተው የሚገለብጡ ቢሆን ይገሥጹት። የሚጠይቁ፥ የሚከራከሩ፥ የራሳቸውን የሚጽፉ ቢሆን ግን ያበርቱት።

መሣሪያው አይደክምም፤ አይራብም፤ አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ቢጠየቅ አይሰለችም። በዚህ መምህሩን ይበልጠዋል። ነገር ግን ሁልጊዜ በፊተኛው ወንበር ትቀመጥ የነበረች ልጅ ሦስት ቀን ብትቀር አይናፍቃትም፤ ማታ ወደ ቤቷ ወርዶ «ምን ሆነች?» ብሎ አባትዋን አይጠይቅም። ይህን የሚያደርገው መምህሩ ነው። መሣሪያው የዝግጅቱን ድካም ካቃለለለት፥ ያተረፈውን ሰዓት ለዚያች ልጅ ያውለው።