ከመያዣ ልጅነት እስከ መንግሥት እንደራሴነት፤ የዊልያም ማርሻል ሕይወትና ቤተሰብ



በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የመኳንንት ቤተሰብ የፍቅር ማሰሪያ ብቻ አልነበረም። ርስት የሚተላለፍበት፣ ውል የሚጸናበት፣ ታማኝነትም በልጅ ሕይወት የሚረጋገጥበት ሥርዓት ነበር። የእንግሊዛዊው መስፍን የዊልያም ማርሻል ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1152 የእንግሊዝ ንጉሥ እስጢፋኖስ የኒውበሪን ምሽግ በከበበ ጊዜ፣ የዊልያም አባት ጆን ማርሻል ሕፃን ልጁን መያዣ አድርጎ ሰጠ። ይሁን እንጂ ያገኘውን ፋታ ምሽጉን ለማጠናከር ተጠቀመበት እንጂ ቃሉን አልፈጸመም። ልጁ እንደሚሰቀል በተነገረው ጊዜም፣ ሌሎች የተሻሉ ልጆች ለመውለድ እንደማይሳነው መለሰ ይባላል። ሕፃኑን ከሞት ያዳነው የንጉሡ ርኅራኄ ነበር።

ዊልያም የአባቱ አራተኛ ወንድ ልጅ ስለነበረ ርስት የማግኘት ተስፋው የመነመነ ነበር። መንገድ የከፈቱለት የእናቱ የሲቢል ዘመዶች ናቸው። የፈረሰኛ ጦረኛነትን ሙያ የተማረው በኖርማንዲ በእናቱ ዘመድ ቤት ሲሆን፣ በ1168 አጎቱ የሶልስበሪው መስፍን ፓትሪክ በተገደለበት ግጭት እርሱ ራሱ ተማረከ፤ ንግሥት ኤሌኖርም ቤዛውን ከፍላ አስለቀቀችው። በ1189 የሌንስተርን ንጉሥ የልጅ ልጅ ኢዛቤል ደ ክሌርን ባገባ ጊዜ፣ በዌልስና በአየርላንድ ሰፊ ግዛት ያዘ። አምስት ወንዶችና አምስት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

ንጉሥ ጆን በተጠራጠረው ጊዜ ደግሞ ሁለቱን ታላላቅ ልጆቹን በመያዣነት ጠየቀው። በልጅነቱ መያዣ የነበረው ሰው የገዛ ልጆቹን አሳልፎ ሰጠ። ከአባቱ የተለየው በዚህ ነው፤ ቃሉን ጠበቀ፣ ልጆቹም በሕይወት ተመለሱለት። በ1215 መኳንንቱ በንጉሡ ላይ ሲያምፁ የበኩር ልጁ ከዐመፀኞቹ ጋር ቢሰለፍም፣ አባት ከንጉሡ አልተለየም። ንጉሡ በ1216 ሲሞት የዘጠኝ ዓመቱ ሄንሪ ሣልሳዊና መንግሥቱ ለዊልያም በዐደራ ተሰጡ። በ1217 በሊንከን ጦርነት አባትና ልጅ በአንድ ሰልፍ ተዋግተው ድል አደረጉ።

ዊልያም በ1219 ዐርፎ በለንደን የቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አምስቱ ወንዶች ልጆቹ ተራ በተራ ማዕርጉን ወረሱ፤ ነገር ግን ሕጋዊ ወራሽ ሳይተዉ እስከ 1245 ሁሉም አለፉ። ቤቱን እንዲያጸኑ የታሰቡት ወንዶች ሲያልቁ፣ ግዛቱ ለአምስቱ ሴቶች ልጆቹና ለወራሾቻቸው ተከፈለ። የማርሻል ስም ከወንዶቹ ጋር ቢቀርም፣ ርስቱና ዘሩ በሴቶቹ በኩል ወደ ሌሎች ታላላቅ ቤቶች ገባ።