ከክንፍ ሥርና ከማረሻ ሥር
ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ ካዱና የአርሲ ደጋ አፈር



ስለ አፈር ለመነጋገር በተሰበሰበ ጉባዔ ፊት የአንድ አውሮፕላን አብራሪ ስም ሲነሣ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የስዊድን ሰዎች የኢትዮጵያን ረኀብ ለመቋቋም በአንድ ዘመን የያዟቸው መንገዶች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በሰማይ፣ ሌላው በምድር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ መመልከቱ ለግብርና ባለሙያ ከንቱ ድካም አይሆንም። የሰማዩን መንገድ የሚወክሉት ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ናቸው። የምድሩ መንገድ ግን በአንድ ሰው ስም የሚጠራ አይደለም፤ አሰላ ላይ የተቋቋመ፣ በቁሉምሳ ማሳ የተሞከረ፣ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሰዎች የደከሙበት ሥራ ነው።

ፎን ሮዘን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1909 ሲሆን ያደጉትም በስዊድን አገር በሶደርማንላንድ፣ ሮከልስታድ በተባለው የቤተሰባቸው ርስት ነው። አባታቸው ኤሪክ ፎን ሮዘን አፍሪካን ሳይቀር የዞሩ አገር አሳሽ ነበሩ። ልጁ ግን ከርስቱ ይልቅ ሞተር ወደዱ፤ በወጣትነታቸውም በአየር ትርኢት እየበረሩ ይታወቁ ጀመር። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በስዊድን ቀይ መስቀል ሥር የአምቡላንስ አውሮፕላን አብራሪ ሆነው መጡ። ይኸው የስዊድን የሕክምና ቡድን ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ በኢጣሊያ ቦምብ ተደብድቦ ብዙ ሰዎች ያለቁበት ነው። ከዚያ በኋላ ፎን ሮዘን በሶቪየት ኅብረትና በፊንላንድ መካከል በተደረገው የክረምት ጦርነት ለፊንላንድ ወግነው በረሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል በማደራጀት እስከ 1956 ድረስ መሩ። ዛሬ ቢሾፍቱ ተብሎ በሚጠራው በደብረ ዘይት የሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ የአየር ኃይሉ አብራሪዎች የእጃቸው ፍሬ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በብዙ አገር ከጦርነቱ የተመለሱ የገበሬ ልጆች የአብራሪነት ልብሳቸውን አውልቀው ወደ እርሻ ኮሌጅ ገብተዋል። ከመካከላቸው አፈርን መመርመር ሙያቸው ያደረጉ አልታጡም። ነገሩ የሚያስገርም አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ የጠላትን ምሽግ ለመሰለል የዳበረው የአየር ፎቶግራፍ፣ ከጦርነቱ በኋላ የአፈር ካርታ ለሚሠራ ባለሙያ ዋና መሣሪያ ሆኖለታልና። ተደራርበው የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች በስቴሪዮስኮፕ ሲታዩ ተረተሩና ሸለቆው ብድግ ብሎ ይታያል፤ ጥቁሩ ረግረግ ከቀዩ ተዳፋት የሚለይበት መስመርም ይወጣል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ከአሜሪካ ጋር በተደረገው የካርታ ሥራ ትብብር አገሪቱ ከአየር ፎቶግራፍ ተነሥታለች። እንግዲህ አብራሪና የአፈር ተመራማሪ የሚመስሉትን ያህል የተራራቁ ሙያተኞች አይደሉም። ልዩነቱ አንዱ ከላይ ያየውን ሌላው ወርዶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጭብጥ አፈር አርሶና በጣቱ አሽቶ ማረጋገጥ ያለበት መሆኑ ነው።

ፎን ሮዘን አልወረዱም። እ.ኤ.አ. በ1968 እርዳታ ጭነው ወደ ቢያፍራ በረሩ፤ በተከታዩም ዓመት ትናንሽ የስዊድን አውሮፕላኖችን አስታጥቀው በዚያው ጦርነት ተካፈሉ። የዚህ ሥራቸው ፍርድ ለሌላ መድረክ ይቆይ። ለዚህ ጉባዔ የሚያስፈልገው እ.ኤ.አ. በ1974 ያደረጉት ነው። በጦርነት ጊዜ ሮኬት የተሸከመው ዓይነት ትንሽ አውሮፕላን ክንፉ ሥር የእህል ከረጢት ቢታሰርበት፣ ዝቅ ብሎ እየበረረ መኪና በማይደርስበት መንደር ላይ ሊጥለው እንደሚችል አሰቡ፤ በረኀብ በተጎዳችው ኢትዮጵያም ሐሳባቸውን በሥራ ላይ አዋሉት። ለሞት የተቃረበ ሰው አጠገብ እህል ማውረድ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም እንዲህ ያለ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ከጥቂት ኩንታል አይበልጥም፤ ነገ ደግሞ እንደገና መነሣት አለበት።

በዚያው ዓመት የስዊድን ሁለተኛው መንገድ በጭላሎ አውራጃ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የተባለው፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1967 ተቋቋመ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም አሰላ ሆነ። አውራጃው የተመረጠው ዝናሙ የማያሳፍር፣ መሬቱ ለስንዴና ለገብስ የተመቸ፣ ከአዲስ አበባም ብዙ ያልራቀ ስለነበረ ነው። ከአሰላ በስተሰሜን በሚገኘው ቁሉምሳ የስንዴ ዝርያዎች ተፈተኑ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ለገበሬው ቀረበ፤ የተሻሻለ ማረሻና መከስከሻ ተሠራ፤ ወተት ተሰበሰበ። የስንዴው ምርት ጨመረ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። በጭላሎ ስንዴ በሚታፈስበት ዘመን በወሎ ሕዝብ አለቀ። በመካከላቸው ያለው ርቀት በካርታ ሲለካ እምብዛም አይደለም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎን ሰው የገደለው አገሪቱ በጠቅላላው እህል ማጣቷ አልነበረም፤ ሰብሉ የጠፋበትና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ እህሉን የሚገዛበት አቅም ማጣቱ ነበር። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የተፈራውን ያህል ሳይወደድ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው በገበያው አጠገብ ሞተ። መንግሥትም ችግሩን ሸሸገ። ከዚህ የተነሣ ከአየር የወረደው ከረጢት የሸፈነው ማሳው የጎደለውን ብቻ አልነበረም፤ አስተዳደሩ ያጎደለውንም ጭምር ነበር።

የካዱም ታሪክ ቢሆን ያለ ነውር አልተጻፈም። ድርጅቱ ሊረዳ የተነሣው አነስተኛውን ገበሬና ጭሰኛውን ነበር። ነገር ግን ስንዴ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ በራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ለትውልድ ሲያርሱ የኖሩ ጭሰኞችም በገፍ ተፈናቀሉ። ስዊድን ስምምነቱን ስትፈርም የጭሰኝነት ሕግ እንዲሻሻል ቃል ተገብቶላት ነበር፤ ረቂቁ ግን ባለርስቶች በበዙበት ምክር ቤት ተንጠልጥሎ ቀረ። ማዳበሪያ የሥነ ፍጥረት ሥራውን በሚገባ ሠራ፤ ሰብሉን አበዛ። የበዛው ሰብል ግን ያለመሬት የተቀመጠውን ሰው ከመሬቱ ነቀለው። ጉዳዩን የፈታው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ካዱም ከዚያ በኋላ ሥራውን ወደ መላው አርሲ አስፍቶ አርዱ ተባለ።

ፎን ሮዘን ይህን ሁሉ ለረጅም ጊዜ ለማየት አልታደሉም። የሶማሊያ ጦርነት ሲቀጣጠል በእርዳታ ሥራ ላይ ጎዴ ሳሉ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በተደረገው ጥቃት ተገደሉ፤ አስከሬናቸውም በአዲስ አበባ አረፈ። ከርስት ተነሥተው፣ በአራት ጦርነት በረው፣ በስተመጨረሻ እህል በክንፍ ሥር የተሸከሙት ሰው ታሪክ በዚሁ ተዘጋ። የአፈሩ ታሪክ ግን ይቀጥላል፤ ሙያውን በቀጥታ የሚጠይቀውም እርሱ ነው።

ካዱ በተቋቋመበት ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ አፈር የሚታወቀው ምን ያህል ነበር? ከኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መጥተው በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ያገለገሉት ፕሮፌሰር መርፊ፣ ከብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰበውን ናሙና አስመርምረው እ.ኤ.አ. በ1968 ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። በዚያ ዘመንና በዚያ አቅም እንዲህ ያለ ሥራ መሠራቱ የሚያስመሰግን ነው። በጥቅሉ ሲነገር ያገኙት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እንደሚያንስ፣ ፖታሲየም ግን እንደማይጎድል ነው። ጥፋቱ ከመጽሐፉ አልነበረም፤ መጽሐፉን ጠቅሶ ሌላውን ምርመራ ከተወው ነው። ዳፕና ዩሪያ የአገሪቱ ብቸኛ ማዳበሪያዎች ሆነው ቀሩ፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚለውም ምክር ለቀዩም፣ ለጥቁሩም፣ ለተዳፋቱም፣ ለሜዳውም እኩል ተነገረ።

ይህን ምክር በሒሳብ መፈተሽ አያስቸግርም። ከሁለቱ ማዳበሪያዎች የሚገኘው ናይትሮጅን 64 ኪሎ ያህል ነው። ከአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ስንዴ ሲታፈስ በፍሬው ብቻ ወደ 60 ኪሎ የሚጠጋ ናይትሮጅን ከማሳው ይወጣል። እስከዚህ ድረስ መዝገቡ የተመዛዘነ ይመስላል፤ ምንም እንኳ ከተጨመረው ውስጥ በጎርፍና በትነት የሚባክነው ቀላል ባይሆንም። ነገር ግን ገለባው አለ። አብዛኛው የስንዴ ፖታሲየም ያለው በገለባው ውስጥ ነው፤ ገለባው ደግሞ ለከብት ይሰጣል፣ ይሸጣል፣ ወይም ለቤት ሥራ ይውላል። የከብቱ ፋንድያ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሰልፈርን ብንወስድ ደግሞ ከዳፕም ከዩሪያም ይህ ነው የሚባል አይገኝም። አርሲን በመሰለ፣ ስንዴ በስንዴ ላይ በሚዘራበት አገር ይህ መዝገብ ለአርባ ዓመት ሲጎድል ቢቆይ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለመገመት ጠቢብ መሆን አያሻም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ሥራም ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክ፣ በአንዳንድ ስፍራም ፖታሲየም ራሱ መጉደሉን አሳየ። ከዚያ በኋላ ዳፕ ሰልፈር ባለበት ማዳበሪያ ተተካ።

የአርሲ ገበሬ ግን መሬቱ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ላቦራቶሪ እስኪነግረው አልጠበቀም። ኮትቻ ብሎ የሚጠራው ጥቁር አፈር ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ ሲርስ እንደሚያጣብቅና ውኃ አቁሮ ሥር እንደሚያንቅ ያውቃል፤ ስለዚህም ቦይ ያወጣለታል፣ ወይም ዝናሙ እስኪቀንስ ዘሩን ያዘገየዋል። ቀዩ አፈር ውኃውን ፈጥኖ እንደሚያሳልፍ፣ ከፍ ወዳለው ደጋ በተወጣ ቁጥርም ገብሱ እየቀጨጨ እንደሚሄድ ያውቃል። ባቄላ የነበረበት ማሳ ላይ የተዘራ ስንዴ እንደሚያምርም ያውቃል፤ በቁሉምሳ ለዓመታት የተካሄደው የሰብል ፈረቃ ሙከራ ያረጋገጠውም ይህንኑ ነው። ያላወቀው ገብሱ የሚቀጭጭበትን ምክንያት ነው፤ ይህን ሊነግረው የሚገባው ሙያተኛ ነበር።

ምክንያቱ ኮምጣጣነት ነው። ዝናም በሚበዛበት ደጋ፣ በቦቆጂና በአካባቢው እንደሚታየው፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ለዘመናት እየታጠቡ ይሄዳሉ፤ ቦታቸውን አልሙኒየም ይይዛል። አልሙኒየም ሥሩን ያደነዝዛል፤ ገበሬው በዱቤ የገዛውን ፎስፎረስም አፈሩ አጥብቆ ይዞ ለተክሉ ይከለክለዋል። በዚህ ማሳ ላይ ማዳበሪያ መጨመር በሚያፈስስ ጋን ውኃ እንደ መሙላት ነው። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 40 ከመቶ ያህሉ በልዩ ልዩ መጠን ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል። መድኃኒቱ የተሰወረ አይደለም፤ ተፈጭቶ ከአፈሩ ጋር የሚቀላቀል ኖራ ነው። መጠኑ ግን እንደ አፈሩ ይለያያል፤ ያለ ምርመራ የሚታዘዝ ኖራም እንደ ቀድሞው የዳፕ ምክር በጅምላ የሚነገር ይሆናል።

ከዚያም የሸክም ነገር ይመጣል። የአንድ ማሳ ምርመራ በሄክታር 30 ኩንታል ኖራ ይጨመር ቢል፣ ግማሽ ኩንታል በሚጭን አህያ ከመኪና መንገድ እስከ ማሳው 60 ጭነት ነው። ይህም በበጋ፣ መሬቱ ከመታረሱ በፊት፣ ገበሬው አውድማውን ጨርሶ ገና ባረፈበት ወራት መሆን አለበት። ማዳበሪያ በተዘራበት ዓመት ውጤቱ ይታያል፤ የኖራ ጥቅም ግን ለበርካታ ዓመታት ተከፋፍሎ የሚገኝ ነው፤ የዱቤው ዕዳ የሚከፈለው ግን በአንድ መኸር ነው። መሬቱን ለአንድ ዓመት በኪራይ ወይም በእኩል የያዘ ገበሬ ደግሞ የሌላውን ሰው ማሳ ለሚመጡት ዓመታት ለማከም 60 ጊዜ አህያ ይጭናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።