ታሪክ ከመካከሉ ቢጀመር ምን ይለዋል?

(በደብረ ኤልያስ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አጭር ልቦለድ ጽፌ ለአንድ አዘጋጅ ሰጠሁት። ሳይውል ሳያድር መለሰልኝ። "መያዣ መጨበጫ የለውም" አለኝ። ታሪኩ የሚጀምረው ከቀብር ነበር፤ ሟቹን አንባቢ የሚተዋወቀው ኋላ ነው። "የፈረንጅ ኮተትህን ተውና እንደ ሀዲስ ዓለማየሁ ጻፍ" ብሎ መከረኝ። እኔም ተናድጄ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት።

ዛሬ ክቡር ዶክተር ሀዲስ በልጅነታቸው በተማሩበት አገር ቆሜ መልስ ልስጠው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው "ፍቅር እስከ መቃብር" ከወላጅ ወደ ልጅ፣ ከልደት ወደ መቃብር ይጓዛል። ድንቅ ነው። ግን መንገዱ እሱ ብቻ ነው ያለው ማነው? ከ4 ዓመት በኋላ ዳኛቸው ወርቁ በ"አደፍርስ" ተራኪውን ገለል አድርጎ ሰዎቹን እርስ በርስ አከራከራቸው። አዳም ረታ ደግሞ "ሕጽናዊነት" ላለው አጻጻፉ ምሳሌውን ያገኘው ከእንጀራ ነው፤ ዓይኖቹ ብዙ፣ እንጀራው አንድ።

ወደ ውጭ ስንወጣ፣ የሜክሲኮው ሁዋን ሩልፎ በ1955 እ.ኤ.አ. "ፔድሮ ፓራሞ"ን አሳተመ። አባቱን ፍለጋ የሄደው ልጅ የሚያነጋግራቸው ሰዎች ሙታን ናቸው፤ መጽሐፉ ሲጋመስ ለካ እሱም ሞቷል! ሙታን ቀን አይቆጥሩምና ታሪኩም ቀን አይቆጥርም። አሜሪካ የተወለደችው የሜክሲኳዊ ልጅ ሳንድራ ሲስኔሮስ ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. የአንዲት የድሃ ሰፈር ልጅ ሕይወት በ44 አጫጭር ቁራጮች አቀረበች። ሩልፎ ጊዜውን ያደባልቃል፣ እሷ ትቆራርጠዋለች። ሁለቱም ምክንያት አላቸው።

ይህ ለእናንተ አገር ባዕድ ነው እንዴ? ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ሰሙን ሰምቶ የሄደ ግን ግማሹን ጥሎ ሄደ። ወርቁን ያገኘ ሰው ተመልሶ ሰሙን እንደገና ይሰማል። የቅኔ ተማሪ ወደ ኋላ መመለስን ከፈረንጅ አልተማረም።

ልዋሽ አልፈልግም። ያንን ወረቀት በቅርቡ ከሳጥኑ አውጥቼ አነበብኩት። አዘጋጁ ግማሽ እውነት ነበረው። ቀብሩን ያስቀደምኩት ለማስደነቅ ብቻ ነው። ወርቅ የሌለው ሰም ሆኖ አገኘሁት።

ስለዚህ እናንተ የምትጽፉ ልጆች፣ "መያዣ መጨበጫ የለውም" ሲሏችሁ ወረቀቱን አትጣሉ። "ባቃናው ምን ይጎድላል?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ምንም ካልጎደለ አቃኑት። የሚጎድል ካለ ግን ለማንም አዘጋጅ አትንበርከኩ!